ጥሪ ያጣ ምሳ

ሥራ የጀመርሁት በሽንኩርት ነው። እትየ አልጋነሽ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ፊቴ ዘረገፉና፣ «ልጣጩን ስስ አድርገሽ አንሺ። ዘንድሮ ሽንኩርት ከሥጋ ተካክሏል» አሉኝ። ቢላዋውን ከቤቴ ነው የያዝሁት። ቢላዋው ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። ለሚያየኝ ሁሉ ብርድ ነው አልሁ፤ ደብረ ታቦር መቸም ለዚህ ምክንያት አታሳጣም። እውነቱ ግን ፍርሃት ነበር። ለእኔና ለልጄ ከሚበቃ ድስት በቀር ጥጄ አላውቅም።

እትየ አልጋነሽ የሠፈራችን የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናቸው። በዚያ ዓመት አንድ ድርጅት ኑሮ ለከበደባቸው ሠፈሮች፣ በማኅበር ለተሰባሰበ ሰው አነስተኛ ድጋፍ እሰጣለሁ አለ። እድራችን ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። ግማሹ ሥራ ሲጀመር፣ ግማሹ ደግሞ ባለሙያ መጥቶ ሥራውን በዓይኑ አይቶ ሲመለስ ነው የሚሰጠው።

በስብሰባው ብዙው ሰው «እህል ገዝተን እንከፋፈል» አለ። እትየ አልጋነሽ አልተስማሙም። «እህሉን ከሰጠነው አይበላውም። እንግዳ ሲመጣበት ያወጣዋል፤ ለቅሶ ይዞት ይሄዳል፤ የተረፈውን ሸጦ ደብተር ይገዛበታል። በስሎ የቀረበ ግን ሆድ ይገባል» አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀና ምሳ ሆነ። ከእድሩ አዳራሽ ጎን ያለችው ዕቃ ቤት ወጥ ቤታችን ሆነች።

እኔ የገባሁት በልጄ ምክንያት ነው። ማስተዋል ትባላለች፤ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ ወደቀች። መምህሯ ደግፋ ቤት አመጣችልኝና «ቁርስ በልታ ነበር?» አለችኝ። «በልታለች» አልሁ። አልበላችም ነበር። ማታውን ማስተዋል፣ «እማየ፣ አክስቴ ጋ ባሕር ዳር ልሂድ። ሰው ቤት ሠርቼ እልክልሻለሁ። አንድ ሆድም ይቀንስልሻል» አለችኝ። ከአባቷ እኅት ጋር በስልክ ጨርሰው ኖሯል፤ ግንቦት ሲያልቅ መጥታ ልትወስዳት።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይቆማል። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ብቻ የቀራት ሴት ልጇን በዚያ በባሕር ዳር መንገድ ወደማታውቀው ቤት ስትልክ ምን እንደምታስብ ለእናቶች አልነግርም። ፈተናው ሰኔ ነው። ወጥ ቤቱ እስከዚያ ከዘለቀ የምሳዋ ነገር ይቃለላል፣ ትቀመጣለች፣ ትፈተናለች። ካልዘለቀ ትሄዳለች። ሽንኩርቱን ስከትፍ ሐሳቤ ይኸው ብቻ ነበር።

የሥራው ድልድል እንዲህ ነው። እትየ አልጋነሽ ሰብሳቢም ዋና ወጥ ሠሪም ናቸው። የልብስ ሰፊው ሚስት ሐያት ገበያ የምትወጣ ናት፤ ነጋዴ ሲያያት ዋጋ ሳትጠይቀው ይቀንሳል ይባልላታል። ሁለት ሴቶች ውሃና ማገዶ ይይዛሉ። እኔ ረዳት ነኝ፤ ረዳት ማለት የቀረውን ሁሉ የሚሠራ ነው።

ለብዙ ሰው የሚሠራ ሽሮ እንደ ቤት ሽሮ በፈላ ውሃ ላይ አይነሰነስም፤ ይጓጉላል። ዱቄቱ በባልዲ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጥና በሚፈላው ላይ ቀስ እያለ ይፈስሳል። ማማሰያው የአካፋ ያህል ነው። አንዷ ስታፈስ ሌላዋ ከሥር ታማስላለች። ከሥር ካልተማሰለ ያርራል፣ ያረረ ሽሮ ደግሞ ሽታውን ለድስቱ ሁሉ ያዳርሳል። ሽንኩርቱ ሲያጥረን ከገሳይ ገበያ የሚመጣ ድንች ቀቅለን እንፈጭበታለን፤ ወጡን ያወፍረዋል፣ ያጣፍጠዋልም። ይህንን ያስተማሩኝ እትየ አልጋነሽ ናቸው። ሲያስተምሩ አይቆጡም። ማማሰያውን ከእጄ ይወስዱና ሁለቴ አዙረው ይመልሱልኛል፤ በቃ ያ ትምህርት ነው።

ድርጅቱ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም ልኮልን ነበር። መልካም ምድጃ ነው፤ ድስታችን ግን አልገባበትም። ሐያት ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ «ይህስ ለሙሽሮች ነው» አለች። እኛ በጉልቻ ቀጠልን።

ከምድጃው ጋር የመጣ ባነርም ነበር። «በኑሮ ውድነት ለተቸገሩ ወገኖች የተዘጋጀ የምሳ አገልግሎት» ይላል። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሁት እኔ እንኳ ከሩቅ አነበብሁት። በሩ ላይ ከፍ አድርገን ሰቀልነው። አማረብን ብለን ቆመን አየነው።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ወጡ ደርሷል፤ የገብሱ እንጀራ በየሞሰቡ ቀርቧል፤ ውሃው ተቀድቷል። ሰው የለም። ሰዉ በደጁ ያልፋል፣ ቀና ብሎ ያነብባል፣ ያልፋል። አንዳንዱ ገና ከሩቅ ሲያየው መንገዱን ተሻግሮ በወዲያኛው ዳር ይሄዳል። የሠፈራችን መምህር፣ ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ እንደማያልፍ ሁላችን የምናውቀው፣ ጃንጥላውን ዝቅ አድርጎ ፊቱን ከልሎ አለፈ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች መጡ። ማስተዋል ከጓደኞቿ ጋር ነበረች። አየችኝ። ፊቷን አዞረች።

ማታ፣ «ለምን አልገባሽም?» አልኋት።

«ጽሑፉን አላነበብሽውም?»

«አነበብሁት።»

«ታዲያ በዚያ ሥር ልግባልሽ? ነገ ክፍል ውስጥ ተቸጋሪዋ መጣች ሊሉኝ?»

እኔም እኮ መምህሯን «በልታለች» ነው ያልኋት።

የመጀመሪያውን ቀን ወጥ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት ነዳያን ወሰድንላቸው። በሉ፣ መረቁን። የሁለተኛውንም እንዲሁ። የሦስተኛውንም። እነሱን በማብላታችን የሚከፋ የለም፤ ነገር ግን ወጥ ቤቱ የተከፈተው መለመን ለማይችለው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሐያት ድስቱ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «እትየ፣ ይህን ድስት እንደ ሬሳ ከብበን እየጠበቅነው ነው» አለች። እትየ አልጋነሽ አልሳቁም። ደጁ ላይ ቆመው አላፊውን ሲያዩ ቆዩ።

ከዚያ ዞር ብለው፣ «ነገ ስንት ነው?» አሉ።

«አሥራ ሁለት» አልሁ።

«ሚካኤል ነዋ። ይህን ጨርቅ አውርዱልኝ።»

ባነሩን አወረድን። እሳቸው ራሳቸው አጥፈው ወጥ ቤቱ ጥግ አስቀመጡት። ከዚያ የየቤቱን በር አከፋፈሉን። «ገብታችሁ የምትሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚካኤል ዝክር ነው፣ ጠበል ቅመሱ ተብላችኋል በሉ። ስለ ችግር፣ ስለ ድጋፍ፣ ስለ ድርጅት ትንፍሽ እንዳትሉ።»

«የማን ዝክር ነው ቢሉኝስ?» አልሁ።

«የሠፈሩ ነው በያቸው። ሠፈር ሚካኤልን አይዘክርም ያለው ማን ነው?»

ሐያት ወገቧን ይዛ፣ «የእኛዎቹንስ ሚካኤል ነው ብየ ልጥራቸው?» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እትየ አልጋነሽም ከሦስት ቀን በኋላ ሳቁ። «አንች እንደ ደንብሽ ጥሪ» አሏት። «እንግዲያው ዱዓ አለ እላለሁ። ከጠራሁ ደግሞ አስደርጋለሁ፤ ባዶ ጥሪ አልጠራም» አለች። እንዳለችውም ሽማግሌ አምጥታ በአዳራሹ አንድ ወገን ዱዓ አስደረገች።

ለማያውቅ ልንገር። በአገራችን ዝክር ተጠርቶ የሚቀር የለም። ጠግቤያለሁ አይባልም፤ የቅዱሱን ስም መግፋት ይሆናል። ዝክር የበላ ሰው ደኃ አይባልም። ባለጸጋውም ይበላል፣ ዳኛውም ይበላል፤ የበላው መርቆ ይወጣል፣ ያበላው ይመረቃል። ሁላችን ከልጅነታችን የምናውቀው ነገር ነው። ከእኛ መካከል ግን ያሰቡት እትየ አልጋነሽ ብቻ ነበሩ።

ሰው ቤት ማንኳኳት ያስፈራኛል። የመጀመሪያው በር የዚያ መምህር ነበር። ሚስቱ ከፈተች። ቃሉን እንደተነገረኝ አልሁት። ከጓሮ መምህሩ ሰምቶ፣ «የሚካኤል ነው? እንግዲያ ኮቴን አቀብይኝ» አለ። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቴ ትንሽ የለቀቀኝ።

በማግሥቱ ሰዉ ነጠላውን ለብሶ መጣ። አዳራሹ ሞላ። አረጋውያኑ ከፊት፣ ሴቶቹ ከወዲህ፣ ልጆቹ ከኋላ። ማስተዋል ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ገብታ ተቀመጠች። እንዳላያት ሆኜ እንጀራ አዞርሁ። እሷ ግን ጠራችኝ፤ «እማየ፣ ወጥ ድገሚኝ።» ደገምኋት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። ወሩ ደግሞ ቅዱስ አያጣም። ኪዳነ ምሕረት አለ፣ ገብርኤል አለ፣ ጊዮርጊስ አለ፣ መድኃኔዓለም አለ። ሐያት ዕለቱን ከእኔ በላይ አጥንታ ጠዋት ስትገባ፣ «ዛሬ ማን ናቸው?» ትለኝና ካላወቅሁ ራሷ ትነግረኛለች።

የንስሐ አባታችን ቄስ ሰምተው መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። «አልጋነሽ፣ በቅዱሳን ስም ሰው ታታልያለሽ አሉኝ» አሉ።

እትየ አልጋነሽ ጎንበስ ብለው መስቀል ተሳለሙና፣ «አባ፣ በስማቸው የተራበ ይበላል። ይህ ዝክር ካልሆነ ዝክር የቱ ነው?» አሉ።

«ጸሎት አልተደረገበትም።»

«ታዲያ አንቱ የት ነበሩ?»

ቄሱ ወደ አዳራሹ ገብተው ጸሎት አደረጉ፣ እንጀራውን ባረኩ፣ ተቀምጠውም በሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልመጡበትን ዕለት አላስታውስም። እንደዚህ ሆኖ የእኛ ምሳ የእውነት ዝክር ሆነ።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ዝክር የበላ ሰው ተራውን ያስባል። አንዱ የጎመን እስር ይዞ መጣ፣ አንዷ ጥቂት ባቄላ፤ ከጋፋት በኩል የሚመጡ ገበሬ የባሕር ዛፍ ማገዶ በአህያ አራግፈው ሄዱ። ቸግሯችኋል ተብለው ቢሆን ባልመጡ፤ ስጡ ተብለውም ቢሆን ባልሰጡ። ተጋባዥ ሲሆኑ ግን ባዶ እጅ መምጣት አላስቻላቸውም።

ግንቦት እየተጋመሰ ሳለ ስልክ ተደወለ። የድርጅቱ ባለሙያ በማርያም ዕለት እመጣለሁ አለ፤ ባነሩ ተሰቅሎ ይቆየኝ፣ ተጠቃሚዎቹ ከሥሩ ሆነው ፎቶ ይነሣሉ አለ። እትየ አልጋነሽ ስልኩን ዘግተው ጉልቻው አጠገብ ተቀመጡ። ባነሩ ከተሰቀለ አዳራሹ ያን ዕለት ይራቆታል፤ ከዚያም ወዲያ ማንም አይመለስም። ካልተሰቀለ ቀሪው ድጋፍ ሊቀር ይችላል። ያለን እህል ግንቦትን እንኳ አያሻግርም። የማስተዋል አክስት ደግሞ በወሩ መጨረሻ ትመጣለች።

ሐያት፣ «እንዋሸዋ» አለች።

«አንዋሽም» አሉ እትየ አልጋነሽ። «መጥቶ ይብላ መጀመሪያ።»

ባለሙያው አቶ ሙሉቀን የሚባል ለጋ ወጣት ነው፤ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ሲገባ አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉለት፤ «ኑ፣ እንብላ» አሉት። አፍሮ ተቀመጠ። ቄሱ ባረኩ። በላ። ላብ እስኪያወጣው በላ። እጁን ታጥቦ ወጥ ቤት መጣና በትሕትና፣ «እናቴ፣ ባነሩ የት አለ?» አለ።

«ያውና ጥጉ ላይ።»

«ለምን አልተሰቀለም?»

«እሱ ከተሰቀለ ይህን ሁሉ ወጥ አንቱ ብቻዎን ነው የሚጨርሱት» አሉት።

ከዚያ ሁሉንም ነገሩት፤ ሦስቱን ቀን፣ ጃንጥላውን፣ ሚካኤልን። አንድ ነገር አልደበቁም። አቶ ሙሉቀን አንገቱን ደፍቶ ሰማ። «እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ» አለ። «አባቴ በዚያ ባነር ሥር አያልፍም ነበር። ሳሳትመው ግን ትዝ አላለኝም።» ጥቂት አሰበ። «እዚያ ያሉትን አላነሣም። ግን ከእኔ በላይ አለቃ አለ፤ ሥራው ለማን እንደደረሰ ቢያንስ አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ መናገር አለበት። ባነሩን እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ እንስቀለው። ከእናንተ መካከል የሚቆምለት አለ?»

ባነሩ በጭሱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ማንም አልተነቃነቀም። ውሃ ቀጂዎቹ ጀሪካናቸውን አዩ። ሐያት የድስቱን ክዳን አስተካከለች። አልፈርድባቸውም። እኛም እኮ ሰው ነን፤ ማብላት ያኮራል፣ መቸገር ግን ለመናገር ይከብዳል።

እኔ እጄን በሽርጤ ጠረግሁ። ለምን እንደተነሣሁ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቀውም። ከባነሩ የባሰ የምፈራው ነገር ስለነበረኝ ይመስለኛል። ሄጄ ከሥሩ ቆምሁ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

አቶ ሙሉቀን ካሜራውን አላነሣም። «ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል» አለ።

«ልጄ በረኃብ ሰልፍ ላይ ወደቀች። በልታለች ብየ ዋሸሁ። ሰው ቤት ልትቀጠር ባሕር ዳር ልትሄድብኝ ነው። ከሚካኤል ወዲህ በየቀኑ እዚህ እየበላች ነው። ይህ ወጥ ቤት ከተዘጋ እሷ ትሄዳለች።»

ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ቀና ስል ማስተዋል ሳሕን ለመመለስ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ሳሕኑን አስቀመጠችና ወጣች።

ሐያት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ወዲያ በይ እስቲ፣ ቦታ ልቀቂልኝ። ባሌ ልብስ ይሰፋል እንጂ ገንዘብ አይሰፋም» ብላ አጠገቤ ቆመች። ውሃ ቀጂዎቹም መጡ። በመጨረሻ እትየ አልጋነሽ ማማሰያቸውን እንደያዙ መጥተው ከመሐል ገቡ።

«አንቱማ ባለ ቤት ነዎት፣ ምን ቸገረዎት?» አለች ሐያት።

«ቤት ይበላል?» አሉ። «በይ ዝም በይና ቀጥ ብለሽ ቁሚ። አንተም ልጄ፣ ቶሎ አንሣን፤ ሽሮው ያርራል።»

አነሣን። ያን ዕለት ሽሮው በእርግጥም ከሥሩ ያዝ አደረገው።

ቀሪው ድጋፍ ግንቦት ሳያልቅ ደረሰልን። ድስታችን ክረምቱን በሙሉ ከጉልቻው አልወረደም። ፍልሰታ ሲገባ ሰዓቱን ወደ ዘጠኝ አዞርነውና ከቅዳሴ በኋላ አበላን። መምህሩ፣ ያ ባለ ጃንጥላው፣ ትምህርት ሲዘጋ ማገዶ ፈላጭ ሆነልን፤ ስለዚያ ስለ መጀመሪያው ቀን ግን አውርተን አናውቅም።

የማስተዋል አክስት በተባለው ጊዜ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ መጥታ ነበር። እንደ መጣች ወደ ምሳው ወሰድኋት፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕለት ነበር። በልታ ከጨረሰች በኋላ፣ «በይ ማስተዋል፣ ዕቃሽን ሸክፊ፤ መኪናው አይጠብቀንም» አለቻት። እኔ አግዳሚው ላይ የቀሩትን ሳሕኖች መሰብሰብ ያዝሁ።

ማስተዋል እንጀራ ያለበትን ሞሰብ እያነሣች፣ «አክስቴ፣ ፈተና አለብኝ» አለች።

«ከፈተና በኋላስ?»

«ከፈተና በኋላ ዘጠነኛ አለብኝ።»

አክስትየዋ እኔን አየችኝ። «አንች ነሽ ያስጠናሻት?» አለችኝ።

«እኔማ ሽንኩርት ከታፊ ነኝ» አልኋት።

አክስትየዋን ብቻዋን ሸኝተን ማታ ቤት ስንገባ ማስተዋል ስለ ባነሩም፣ ስለ ተናገርሁትም አንድ ቃል አላነሣችም። የክፍል ጓደኞቿን ስም እየጠራች፣ ማን ማን ነገ ለምሳ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ከእነሱ ውስጥ ቁርስ የማይበሉት እነማን እንደሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። ይዛቸው የምትመጣው መርጣ ነበር።

አሁን ዋና ወጥ ሠሪዋ እኔ ነኝ። እትየ አልጋነሽ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቢሆንም ድስቱ ሲፈላ በድምፁ አውቀው «አማስይው» ይሉኛል። ልክ ናቸው ሁልጊዜ። ፍርሃቴም አልተወኝም፤ ስልክ ሲጮህ ዛሬም እደነግጣለሁ። ከገሳይና ከሌላውም ቦታ እንደኛ ድጋፍ ያገኙ ማኅበሮች ሊማሩ ይመጣሉ። ስለ ድስቱ ስፋት፣ ስለ ማገዶው፣ ስለ ሽሮው ይጠይቁኛል። ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ወጥ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። ድስቱን ከመጣዳችሁ በፊት ግን ሰዉን ምን ብላችሁ እንደምትጠሩት ወስኑ፤ በክብር ያልተጠራ ሰው ቢራብም አይመጣም።